የፍራንክ ማርቲንን ቅዳሴ ቀረጻዎች አመዛዝኖ ለማዳመጥ

አንድን የመዘምራን ሥራ በሁለት ቀረጻ ሰምቶ «ይኼኛው ይሻላል» ማለት ለማንም አይከብድም። የሚከብደው የተሻለው በምን እንደ ተሻለ መናገር ነው። አብዛኞቻችን የምንመርጠው ቀድመን የለመድነውን ወይም ድምፁ ከፍ ብሎ የተቀዳውን ሲሆን፣ ለዘማሪዎቹ የምናፈስሰው ምስጋናም ብዙ ጊዜ የሚገባው ለዘመሩበት ሕንፃ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ቀረጻዎችን ማመዛዘን ማለት በዋነኛነት በአንድ ድምፅ ውስጥ ተደባልቀው የሚመጡትን የአራት ወገኖች ሥራ፣ ማለትም የደራሲውን፣ የመሪውን፣ የዘማሪዎቹንና የቦታውን ከነማይክሮፎኑ፣ ነጣጥሎ መስማት ነው። ይህን መመሪያ የጻፍሁት በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ሆነው በስልክና በተራ ኢርፎን የሚያዳምጡ የመዘምራን አባላትንና የሙዚቃ ወዳጆችን አስቤ ነው፤ ውድ የድምፅ መሣሪያ የሚጠይቅ ነገር የለበትም።

ለመለማመጃ የመረጥሁት ስዊዘርላንዳዊው ፍራንክ ማርቲን ለሁለት መዘምራን የጻፈውን ቅዳሴ ነው። ማርቲን በ1890 በጄኔቭ የተወለደ የካልቪናዊ ፓስተር ልጅ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የቅዳሴውን አብዛኛውን ክፍል በ1922 ጽፎ የመጨረሻውን ክፍል በ1926 ጨመረበት፤ ከዚያ በኋላ ግን ጉዳዩ በእግዚአብሔርና በእርሱ መካከል ያለ ነው ብሎ ስላመነ ለአርባ ዓመት ገደማ ከመሳቢያው አላወጣውም። በአደባባይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተዘመረው በ1963 በሃምቡርግ ነው። ይህ ታሪክ ለሚያመዛዝን ሰው የራሱ ጥቅም አለው፤ ሥራው በተጻፈበት ዘመን ተዘምሮ፣ «እንዲህ ነበር የሚባለው» ተብሎ የሚጠቀስ የድሮ ቀረጻ ስለሌለው እያንዳንዱ መሪ የሚነሣው ከኖታው ነው። ርዝመቱም 26 ደቂቃ ያህል ብቻ በመሆኑ ሁለት ቀረጻ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ለሙሉ ሰምቶ መጨረስ ይቻላል። ምንም መሣሪያ አያጅበውም፤ ዘማሪ ቢሳሳት የሚሸፍንለት ኦርጋን የለም።

ከማዳመጥ በፊት

ቅዳሴው አምስት ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም ኪርዬ፣ ግሎሪያ፣ ክሬዶ፣ ሳንክቱስ ከቤኔዲክቱስ ጋር፣ እና አኙስ ዴዪ ናቸው። ቋንቋው ላቲን ቢሆንም ቅዳሴ ሲያስቀድስ ያደገ ሰው ቃሉን በቀላሉ ይከተለዋል። ኪርዬ በሰሞነ ሕማማት የምንለው «ኪርያላይሶን» ነው። ግሎሪያ የሚጀምረው «ስብሐት ለእግዚአብሔር በሰማያት» በሚለው የመላእክት ምስጋና ሲሆን፣ ክሬዶ ጸሎተ ሃይማኖት፣ ሳንክቱስ ደግሞ «ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ እግዚአብሔር ጸባኦት» ነው። አኙስ ዴዪ የዓለምን ኃጢአት የሚያስወግደውን የእግዚአብሔርን በግ ምሕረትና ሰላም ይለምናል። ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሉ የሚያውቅ አድማጭ ክሬዶውን ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ሊከታተለው ይችላል፤ መንፈስ ቅዱስን በሚመለከተው ቦታ ላይ ግን የላቲኑ ጽሑፍ «ከአብ» በሚለው ላይ «ከወልድም» ብሎ ስለሚጨምር አንድ ሐረግ ቢያመልጥዎ አይደናገሩ። የላቲኑን አነባበብ በፊደላችን ጽፈው፣ ከጎኑ የአማርኛውን ወይም የግእዙን አሰልፈው በአንድ ገጽ ይያዙት። ያለዚህ ገጽ የሚደረግ ማመዛዘን ውሎ አድሮ «ደስ ይላል» እና «አይልም» ከማለት አያልፍም።

ሁለተኛው ዝግጅት የማዳመጫው ነገር ነው። ሁለቱ መዘምራን እያንዳንዳቸው ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነርና ቤዝ የሚባሉ ድምፆች ስላላቸው ሥራው ቢያንስ ስምንት ድምፅ አለው። ማኅሌት የቆመ ሰው ቀኝና ግራ ሆኖ መቀባበልን ያውቀዋል፤ ማርቲን ግን ሁለቱን ወገኖች ከማቀባበል አልፎ በአንድ ጊዜ የተለያየ ነገር እንዲያዜሙ ያደርጋቸዋል። በጥሩ ቀረጻ አንደኛው መዘምራን ከአንድ ጎን፣ ሌላኛው ከሌላው ጎን ይሰማሉ። እዚህ ላይ ነው በየቤቱ ያለው ትንሹ ብሉቱዝ ስፒከር የሚያበላሸው፤ ግራና ቀኙን በአንድ ቀዳዳ አደባልቆ ስለሚያወጣ የደራሲው ዋና ሐሳብ ከመጀመሪያው ይጠፋል። ርካሽ ቢሆንም ሁለት ጆሮ ያለው ኢርፎን ይሻላል። በኢርፎኑ ላይ ያሉትን የግራና የቀኝ ምልክቶች ይመልከቱ፤ ስልክዎ በ«ተደራሽነት» ቅንብሩ ሞኖ የሚለውን (ግራና ቀኙን አንድ የሚያደርገውን) አብርቶ እንደሆነም አይተው ያጥፉት።

ሰዓትም ይምረጡ። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የቅዳሴው ለሆሳስ ክፍሎች ፈጽሞ አይሰሙም፤ ቤትዎ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር ከሆነ ደግሞ የከባድ መኪናው ጉርምርምታ ልክ የቤዝ ድምፅ ባለበት ቦታ ላይ ይተኛል። ኔትወርኩ ሲደክም መተግበሪያው የድምፁን ጥራት በራሱ ስለሚቀንስ ቀረጻዎቹን በቀጥታ ከማጫወት ይልቅ አስቀድሞ አውርዶ መያዝ ይበጃል። ጥራቱ ሲወርድ መጀመሪያ የሚበላሹት የ«ስ» ድምፆችና ዜማው ከቆመ በኋላ በአየር ላይ የሚቀረው ማስተጋባት ናቸው፤ ሁለቱም የምንመዝናቸው ነገሮች ናቸው።

ከሁሉም በላይ የድምፁን መጠን ያስተካክሉ። ከሁለት ቀረጻ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚሰማው ለጆሯችን ሁልጊዜ የበለጠ ሕይወት ያለው ይመስላል፤ ይህ ማንም የማያመልጠው ወጥመድ ነው። ከሁለቱም ቀረጻዎች አንድ ዓይነት ቦታ፣ ለምሳሌ የክሬዶውን መጀመሪያ፣ እየቀያየሩ ይክፈቱና እኩል እስኪመስልዎ ድረስ መጠኑን ይቀንሱ ወይም ይጨምሩ፤ የሁለቱንም የመጠን ቦታ በማስታወሻ ይያዙ። ከዚያ በኋላ ማዳመጡ እስኪያልቅ አይንኩት።

የቀረጻዎቹ ምርጫ

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁለት በላይ አይውሰዱ። እኔ የማዛምዳቸው የለንደኑ የዌስትሚንስተር ካቴድራል መዘምራን በጄምስ ኦዶኔል መሪነት ለቀረጻ አሳታሚው ለሃይፔሪዮን የቀረጹትንና፣ የበርሊኑ ሪያስ ካመርኮር በዳንኤል ሮይስ መሪነት ለሌላው አሳታሚ ለሃርሞኒያ ሙንዲ የቀረጸውን ነው። የመረጥኋቸው በሁሉም ነገር ስለሚለያዩ ነው። ዌስትሚንስተር የካቶሊክ ካቴድራል ሲሆን መዘምራኑ ወንዶች ልጆችና አዋቂ ወንዶች ናቸው፤ ቅዳሴ የዘወትር አገልግሎታቸው ነው፤ ሕንፃውም ከፍተኛና ሰፊ በመሆኑ ድምፅን ለረጅም ጊዜ ይዞ ያቆያል። ሪያስ ካመርኮር በ1948 በበርሊን በአንድ የራዲዮ ጣቢያ ሥር የተቋቋመ፣ ሴቶችና ወንዶች ያሉበት፣ መዘመር ሙያቸው የሆነ ሰዎች ስብስብ ነው። የዌስትሚንስተሩ ቀረጻ በ1998 የግራሞፎን መጽሔትን የዓመቱን ምርጥ ቀረጻ ሽልማት አግኝቷል፤ ይህን የምነግርዎ አንዴ ሰምተው እንዲረሱት ነው፤ ሽልማቱን እያሰቡ ማዳመጥ ሁለተኛውን ቀረጻ ሳይሰሙት መፍረድ ነውና።

ስለ መዘምራን ስምም አንድ ነገር ልጨምር። የልጆች ድምፅ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለሚጎረምስ የካቴድራል መዘምራን በየጊዜው አዲስ ናቸው። የዛሬ ሃያ ዓመት የቀረጸው «ያው መዘምራን» ዛሬ በአካል ሌላ ነው። ስለዚህ የሚመዘነው ቀረጻው እንጂ ስሙ አይደለም።

የሚመዘኑት ቦታዎች

መጀመሪያ ሁለቱንም ሳያቋርጡ አንድ አንድ ጊዜ ይስሙ፤ ምንም አይጻፉ። ከዚያ በኋላ ግን ሙሉውን ከሙሉው ጋር ማወዳደር ይቅር፤ ጆሮ ሃያ ስድስት ደቂቃ ይዞ መቆየት አይችልም። ከቤተልሔም፣ ከቆማና ከአጫብር የዜማ ቤቶች ጋር ስሟ የሚጠራው ተጉለት የዚሁ አካባቢ ስለሆነች፣ ያንኑ ዜማ ሁለት ቤት ሲያዜመው «የቱ ቃል ላይ ተለያዩ?» ብሎ መጠየቅ ለሰሜን ሸዋ የዜማ ተማሪ እንግዳ ነገር አይደለም። እዚህም የሚያስፈልገው ይኸው ጥያቄ ነው፤ ጥቂት አጫጭር ቦታዎችን መርጦ እያንዳንዱን ቀረጻ ተመሳሳይ ነገር መጠየቅ።

የመጀመሪያው ቦታ የኪርዬ መክፈቻ ነው። የአልቶ ክፍል ብቻውን ረጅም፣ የጥንቱን የላቲን የቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚመስል መስመር ያወጣል፤ ሌሎቹ ከኋላ እየተከተሉ ይገባሉ። በሪያስ ይህን የሚያዜሙት ሴቶች ሲሆኑ በዌስትሚንስተር በቀጭን ድምፅ የሚያዜሙ አዋቂ ወንዶች ናቸው፤ ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ሰከንድ የድምፁ ቀለም ይለያያል። ይህ ልዩነት የመዘምራኑ ተፈጥሮ እንጂ የመሪው ብልጫ ስላልሆነ አይቁጠሩት። የሚቆጠረው ሌላ ነው፤ መስመሩ በአንድ ትንፋሽ የተሳበ ይመስላል ወይስ ቃል መካከል ይቆረጣል? ወደ አንድ ከፍታ እየተራመደ ነው ወይስ ባለበት ይረግጣል? ሁለተኛው ድምፅ ሲገባ የመጀመሪያው ቦታ ይለቅለታል ወይስ ይጋፋዋል? እዚህ ላይ መልሱን በግልጽ የሚሰጥ መሪ ቀሪውንም በዚያው መንገድ ስለሚመራው፣ ይህች ደቂቃ ብዙ ትናገራለች።

የግሎሪያ መክፈቻ ላይ ድምፆች አንዱ በአንዱ ላይ እየተደራረቡ ይቆለላሉ። እዚህ መጠየቅ ያለብዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክምሩ ሲሞላ የመጨረሻው የገባው ድምፅ ገና ይለያል ወይ? ከለየ ወደ ክሬዶው ይለፉ።

ክሬዶ ብዙ ቃል አለው፤ ብዙውም ቦታ ድምፆቹ አንድ ቃል በአንድ ጊዜ ይላሉ። የቃል ጥራት የሚመዘነው እዚህ ነው። ያዘጋጁትን ገጽ ዘርግተው፣ ጣትዎን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ ያዳምጡ፤ ጣትዎ ስንት ጊዜ እንደጠፋበት ምልክት ያድርጉ። በተለይ «ኤት ኢንካርናቱስ ኤስት» ከሚለው፣ ማለትም ሰው ሆነ ከሚለው፣ ተነሥተው «ኤት ሬሱሬክሲት»፣ ተነሣ፣ እስከሚለው ድረስ ያለውን ደጋግመው ይስሙ። ሥጋዌው በለሆሳስ ይዘመራል፤ ስቅለቱ ይከብዳል፤ ትንሣኤው ግን ፈጠንና ዘለል ባለ ምት ይነሣል። ከመቃብሩ እስከ ትንሣኤው መሪው ምን ያህል ዝም እንደሚል በስልክዎ ሰዓት ይለኩ። ዝምታው ሁለት ባለቤት አለው፤ ከፊሉ የመሪው ሲሆን ከፊሉ የሕንፃው ነው፤ በሚያስተጋባ ቦታ የቀደመው ድምፅ ሳይጠፋ አዲሱን መጀመር ሁለቱን ያበላሻልና።

ይህ ነጥብ ፍጥነትን በሚመለከት ለሚሰጡት ፍርድ ሁሉ መሠረት ነው። በሰፊ ካቴድራል ውስጥ ፈጣን ቃል ሲባል የቀደመው ኮርድ (በአንድ ጊዜ አብረው የሚሰሙ ድምፆች) በሚቀጥለው ላይ ይፈስሳል፤ መሪው ወይ ዝግ ማለት ወይ ዘማሪዎቹን እያንዳንዱን ኖታ አሳጥረው እንዲለቁት ማድረግ አለበት። ደረቅ በሆነ ስቱዲዮ ወይም አዳራሽ ያለ መሪ ይህ ግዴታ የለበትም፤ እንደ ልቡ ሊፈጥን ይችላል፤ ነገር ግን ረጅም የለሆሳስ መስመሮችን የሚሸከምለት አየር ስለሌለ ዘማሪዎቹ በትንፋሻቸው ብቻ ማቆየት አለባቸው። ስለዚህ «ይኼኛው ዘገምተኛ ነው» ከማለትዎ በፊት ጮክ ብሎ የሚቆም አንድ ቦታ ይፈልጉና ድምፁ ከቆመ በኋላ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ይቁጠሩ። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ዝግታው የሥራው ጥበብ ሊሆን ይችላል። የእያንዳንዱን ክፍል ርዝመት ስልኩ ስለሚያሳይ ጻፉትና ከዚህ ቁጥር ጎን ያኑሩት፤ ብቻውን የተቀመጠ የደቂቃ ቁጥር ግን ምንም አይፈርድም።

አኙስ ዴዪ ላይ በዛ ያለ ጊዜ ይስጡ፤ ማርቲን ከአራት ዓመት በኋላ ተመልሶ የጨመረው ክፍል ነውና ሁለቱን መዘምራን የተጠቀመበት መንገድም ከሌላው ሁሉ ይለያል። ሁለተኛው መዘምራን በእኩል ምት፣ ሳይቸኩልና ሳይቆም፣ ኮርድ በኮርድ ላይ እየረገጠ ይሄዳል። ከላዩ አንደኛው መዘምራን ሁሉም በአንድ ዜማ ሆነው፣ ምቱን የማይጠብቅ የሚመስል ረጅም ልመና ያወጣሉ። ሁለቱ ወገኖች ለብዙ ጊዜ ጎን ለጎን እንጂ አብረው አይሄዱም፤ የሚገናኙት መጨረሻ ላይ፣ «ዶና ኖቢስ ፓቼም»፣ ሰላምን ስጠን፣ በሚለው ልመና ነው። ኢርፎኑን ከአንድ ጆሮ አውጥተው አንዱን ጎን ብቻ፣ ከዚያም ሌላውን ጎን ብቻ ይስሙ። የሚረግጡት ኮርዶች በእርግጥ እኩል ናቸው ወይስ ከላይ ያለው ዜማ ሲጎተት አብረው ይጎተታሉ? ዜማው በአንድ ሰው የተዘመረ ያህል አንድ ነው ወይስ የሶፕራኖው ቀለም ከሌሎቹ ይወጣል? በመጨረሻም ሁለቱ ሲገናኙ መገናኘታቸው በድምፅ ይታወቃል ወይስ ሳናስተውለው ያልፋል?

የራሴን ፍርድ ልናገር። በአኙስ ዴዪ ዌስትሚንስተርን እመርጣለሁ፤ የሕንፃው ማስተጋባት ኮርዶቹን እያያያዘ የሚያቆያቸው ሲሆን ልመናው ከላዩ የሚንሳፈፍ ይመስላል፤ የልጆቹ ድምፅም ጠርዝ ስላለው በብዛት ውስጥ አይሰጥምም። በክሬዶ ግን ያለማመንታት ሪያስን እመርጣለሁ፤ ጣቴ ከመስመሩ የሚጠፋው ጥቂት ቦታ ነው፤ ኮርዶቹም ሲቆሙ አንዳች መወላገድ የለባቸውም። ከሁለቱ አንዱን ለሁሉም ክፍል አሸናፊ አድርጎ መምረጥ ግዴታ አይመስለኝም።

ስለ ቅኝት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። መሣሪያ የማያጅባቸው መዘምራን ክፍሉ ሳያልቅ ትንሽ ዝቅ ማለታቸው የተለመደ ነው። የስልክ ጊታር መቃኛ መተግበሪያ ካለዎት በአንድ ክፍል መጨረሻ ያለውን የቤዝ ድምፅ በሁለቱም ቀረጻ ለክተው ማስተያየት ይችላሉ። ነገር ግን በስቱዲዮ የሚሠሩ ቀረጻዎች ከብዙ ሙከራ ተቆራርጠው ስለሚገጣጠሙ መውረዱ ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ዝቅ ያለ ካገኙ ማስረጃ ነው፤ ካላገኙ ግን ምንም አላረጋገጡም። በነጻ ድረ ገጾች የሚለጠፉ ቅጂዎች ደግሞ ፍጥነታቸው ተለውጦ ቃናቸው ሊዛባ ስለሚችል ለዚህ ልኬት አይሆኑም።

ሌላው የእኛ ጆሮ ልማድ ነው። በአንድ ዜማ ያደገ ጆሮ ከስምንቱ ድምፅ መካከል ላይኛውን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ በአንድ ክፍል፣ ቤዙን ብቻ ተከትለው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሂዱ። መጀመሪያ ይጠፋል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ይመለሳል፤ ሁለቱ ቀረጻዎችም ከዚህ በፊት ባልጠበቁት ቦታ ላይ ሲለያዩ ይሰማሉ።

ማስታወሻና ክርክር

ማስታወሻው አንድ ወረቀት ይበቃዋል። በቁመት ቦታዎቹን፣ በወርድ ቀረጻዎቹን ይጻፉ፤ በየሳጥኑ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ያስፍሩ። ነጥብ ከአሥር መስጠት ይቅርብዎ፤ ቁጥሩ ምክንያቱን ይውጠዋል። «ያምራል»፣ «ልብ ይነካል» የሚሉ ቃላት ሲመጡብዎ «የትኛው ድምፅ፣ በየትኛው ቃል ላይ፣ ምን ስላደረገ?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። መልስ ካላገኙ ሳጥኑን ባዶ ይተዉት።

ጓደኛ ካለ ሳይነግርዎ እየቀያየረ እንዲያጫውት ማድረግ ጥሩ ልምምድ ነው፤ ነገር ግን በእነዚህ ሁለት ቀረጻዎች አይሠራም፤ የልጆቹ ድምፅ ወዲያው ራሱን ያጋልጣል። ሁለቱም የሴቶችና የወንዶች መዘምራን የሆኑ ቀረጻዎችን ሲያስተያዩ ይሞክሩት። በቡድን ስታዳምጡ ሁሉም ማስታወሻውን ጽፎ ሳይጨርስ ማንም አስተያየት አይስጥ፤ በተለይ የመዘምራን መሪያችሁ መጨረሻ ላይ ይናገሩ፤ እርሳቸው ከጀመሩ የሌላው ወረቀት ሁሉ የእርሳቸውን ይመስላል።

ሁለቱን ከለመዱ በኋላ ሦስተኛ ይጨምሩ፤ ሦስተኛው ግን ሌላ ታዋቂ ቀረጻ ከሚሆን ከዘመሩበት አዳራሽ ሳይቆራረጥ የተቀዳ የአማተር ወይም የተማሪዎች መዘምራን ቢሆን ይመረጣል። የት እንደሚደክሙ፣ የት እንደሚወርዱ፣ የትኛው መግቢያ ላይ እንደሚፈሩ ሲሰሙ፣ ታዋቂዎቹ ያለ ድካም የሚያልፉት ቦታ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያውቃሉ፤ የመጀመሪያውን ወረቀትዎንም አንዳንዱን ሳጥን ሊያርሙት ይገደዳሉ። ኖታ ማንበብ የሚችል በቡድናችሁ ካለ ደግሞ በቤሬንራይተር የታተመውን ኖታ አንድ ቅጂ ለጋራ መግዛት ያዋጣል። ማርቲን ያረፈው በ1974 በመሆኑ ሥራው ገና በባለመብትነት የተጠበቀ ነው፤ በነጻ የሚዞር ቅጂ ቢያገኙ ሕጋዊ ላይሆን ይችላል። ኖታውን ማየት ያለብዎ ግን ወረቀቱን ሞልተው ከጨረሱ በኋላ ነው፤ ዓይን ከቀደመ ጆሮ ያልሰማውን ሰምቻለሁ ይላል።